«ድምፅህ ከጆንያ ውስጥ ነው የሚመጣው» ተባልኩ፤ ጥፋቱ የማይኩ ነው የእኔ?

ጀማሪው_ከሜሪላንድ
ሰላም ለዚህ ቤት። የአማተር ሬዲዮ ጄኔራል ላይሰንስ ካወጣሁ ሦስተኛ ወሬ ነው። ቆጥቤ አይኮም 7300 የሚባለውን ሬዲዮ ገዛሁ። የምኖርበት ሰፈር ውጭ አንቴና መስቀል ስለማይፈቀድ፣ አቲክ ውስጥ (ከጣሪያው ሥር) ከአንድ ጫፉ የሚመገብ 20 ሜትር ሽቦ አጣጥፌ ዘርግቻለሁ።

መስማቱን እሰማለሁ። ጣሊያን፣ ብራዚል፣ አንድ ሌሊት ደቡብ አፍሪካም ገብቶልኛል። ጣጣው እኔ ስናገር ነው። የሚመልስልኝ ሁሉ መጀመሪያ «59» (ጥርት ብለህ፣ በኃይል ትሰማለህ ማለት ነው) ይለኛል፣ ከዚያ ስሜን ሦስት ጊዜ ያስደግመኛል። ባለፈው ቅዳሜ 20 ሜትር ባንድ ላይ (ባንዶቹ በሞገዳቸው ርዝመት ነው የሚጠሩት) አንድ የቴክሳስ ሽማግሌ ሳይሸሽጉ ነገሩኝ፦ ድምፅህ ከጆንያ ውስጥ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴም እንደ ሮቦት ይንተባተባል።

ማይክ ጌይኑ (የማይኩ ማጉያ መጠን) 50 ነበር፣ 80 አደረግኩት። ኮምፕሬሰሩንም ከፈትኩ። ባሰበት! አሁን ጭራሽ ባለቤቴ ማዕድ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ ይሰማል አሉኝ። አዲስ ማይክ ልግዛ ወይ? 200 ዶላር ከማውጣቴ በፊት ልጠይቃችሁ ብዬ ነው።

ባለ_18_ጎማ
ጌይኑን ቀንስ። ማይኩን አቅርብ። መንገድ ላይ ነኝ፣ ማታ እመለሳለሁ።

ዲኤክስ_አዳኝ (ፍራንክፈርት)
እኔ ግዛ ባይ ነኝ። ከሬዲዮ ጋር የሚመጣ የእጅ ማይክ ለመጀመሪያው ሳምንት ነው። ነፍስ ይማርና እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፈው ማይክ ሠሪው ቦብ ሃይል ዕድሜውን የፈጀው በዚህ ጉዳይ ነው። ኤችሲ-4 የምትባለዋ ካፕሱል (ማይኩ ውስጥ ድምፁን የምትቀበለው ክፍል) ሹል ናት፣ ጫጫታ ሰንጥቃ ለመውጣት፤ ኤችሲ-5 ደግሞ ሞላ ያለ ድምፅ ለሚወድ። እኔ ኤችሲ-4 ከገዛሁ ወዲህ ስሜን ያስደገመኝ የለም።

ጋሽ_ሽቦ
ልጄ፣ ገንዘብህ ኪስህ ውስጥ ይቆይ። አዳኙ ያለው ካፕሱል ጥሩ ነው፤ በሽታው ሳይታወቅ ግን መድኃኒት አይገዛም።

59ኙን እርሳው። በሬዲዮ 59 ማለት «እንዴት አደርክ» ሲሉህ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንደማለት ነው፤ አልጋ ላይ የዋለውም ይለዋል። ወዳጅህ የቴክሳሱ ሽማግሌ ነው።

እስቲ ንገረኝ። ማይኩ ከአፍህ ምን ያህል ይርቃል? በስንዝርም ብትለካው ግድ የለም። ስትናገር የኤኤልሲው (ድምፅ ሲበዛ ሬዲዮው ራሱ የሚገታበት) መርፌ የት ይደርሳል? መንተባተቡስ በሁሉም ባንድ ነው ወይስ በአንዱ?

ጀማሪው_ከሜሪላንድ
ጋሼ አመሰግናለሁ። አንድ ስንዝር ይሆናል፤ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ነው የምይዘው። ኤኤልሲው ዳር ይመታና እዚያው ይቀራል። ተንተባተብክ ያሉኝ 20 ሜትር ላይ ብቻ ነው። 40 ላይ ጆንያው አለ፣ ሮቦቱ የለም።

ጋሽ_ሽቦ
ጎሽ። እንግዲያው ያለብህ አንድ ሳይሆን ሁለት በሽታ ነው። ሮቦቱን ለኋላ አቆየው፤ እሱ የማይክ ነገር አይመስለኝም።

ርቀቱን እንይ። ስንዝር ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ከማይኩ ያለህ ርቀት በግማሽ ባጠረ ቁጥር ድምፅህ ማይኩ ላይ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል። ከ20 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 5 ስትመጣ 12 ዴሲቤል አገኘህ፣ ያለ አንድ ሳንቲም። ከዚያ ጌይኑን ያንኑ ያህል ዝቅ ታደርጋለህ። አንተ ባለህበት ትቆያለህ፤ የባለቤትህ ቢላዋ ግን በ12 ዴሲቤል ይርቃል። አንተ ያደረግከው የዚህን ግልባጭ ነው። ራቅ ብለህ ጌይን ስትጨምር አንተንም ክፍሉንም እኩል ነው ያነሳኸው። ኮምፕሬሰሩ ደግሞ በባሕርዩ ዝቅ ያለውን ሁሉ ወደ ላይ ስለሚጎትት፣ ትንፋሽ ስትስብ ሽንኩርቱ መድረኩን ይረከባል።

አሁን እንዲህ አድርግ። ኮምፕሬሰሩን ዝጋ። ማይኩን ከአፍህ ሦስት ጣት አድርገህ ያዘው፣ ከከንፈርህ ጥግ አጠገብ፤ ትንፋሽህ በጎኑ ይለፍ እንጂ ቀዳዳው ውስጥ አይግባ። በተለመደው ድምፅህ እየተናገርክ መርፌው ከኤኤልሲው መስመር ከ30 እስከ 50 በመቶ ባለው ውስጥ እንዲወዛወዝ ጌይኑን አስተካክል፤ የሬዲዮህ መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው። መርፌው ይወዛወዝ ነው ያልኩህ፣ ተቸንክሮ ይቁም አላልኩም። ይህ ከሰመረ በኋላ ብቻ ኮምፕሬሰሩን ጨው እንደሚጨምር ሰው ትንሽ ትነካዋለህ።

ወታደር ቤት መገናኛ ክፍል ሳለሁ ማይኮቻችን የካርቦን ነበሩ። ውስጡ ያለው የከሰል ዱቄት በእርጥበት ሲጋገር ድምፅ ይጠፋል፣ እኛም እጀታውን ጠረጴዛ ላይ ኳ ኳ አድርገን እናስነሣዋለን። እስከ ዛሬ ማይክ ሲበላሽ የሚያንኳኳ የዕድሜ እኩያ አለኝ። አንተ እንዳታደርገው።

የመዘምራን_ሳውንድ
ሰላም። እኔ የሬዲዮ ሰው አይደለሁም፣ ላይሰንሱን ለልጄ ብዬ ነው አብሬው የተፈተንኩት፤ 35 ጥያቄ፣ 26 ማለፊያ፣ እሱ 33 እኔ 34። ቤተ ክርስቲያን ግን ሳውንድ ላይ አሥር ዓመት ቆይቻለሁና ስለ አያያዝ ልናገር።

ዘማሪ ሁሉ ማይኩን ጭንቅላቱ ላይ በመዳፉ ያቅፈዋል። ቪዲዮ ላይ ያምራል፤ ለእኛ ግን መከራ ነው። አቅጣጫ የሚመርጥ ማይክ ከኋላና ከጎን በሚገባው አየር ነው የሚሠራው። ያንን በመዳፍ ስትዘጋው ሁሉንም አቅጣጫ መስማት ይጀምራል፣ ድምፁም ገንቦ ውስጥ እንደገባ ይሆናል። የእጅ ማይክ ላይም ጣትህ የት እንዳረፈ እይ። ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ አውራ ጣት በቀላሉ ይሸፍነዋል።

ሌላው የቋንቋችን ጉዳይ ነው። ፈረንጆቹ ስለ ፕ እና ብ ትንፋሽ ይጨነቃሉ። የእኛዎቹ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ ትንፋሽ ብዙ የላቸውም፣ ግን እንደ ክብሪት ጭረት ድንገት ይተኮሳሉ። «ጴጥሮስ ጠጠር ቀጠቀጠ» ብለህ ሞክር፤ መርፌው በእነዚያ ፊደላት ላይ ዘሎ ሲመታ ታያለህ። ጌይን ስታስተካክል በእንግሊዝኛ «ሄሎ፣ ቴስት» ብቻ አትበል። በምታወራበት ቋንቋ አስተካክል።

በድምፅ ሙላት በኩል ግን ከኤችሲ-4 ሹልነት ይልቅ ታች ያለውን ባስ ትንሽ ማንሳት ነው እንጂ። ቀረብ ስትል አቅጣጫ የሚመርጡት ማይኮች በራሳቸውም ባስ ይጨምራሉ። ጆሮ የሚወደው ያንን ነው።

ዲኤክስ_አዳኝ
እህቴ፣ አያያዙ ላይ ያልሽው በሙሉ ልክ ነው። ባሱ ላይ ግን አልስማማም፣ አጥብቄ ነው የማልስማማው።

ሳውንድ ክፍል ውስጥ የፈለግሽውን ስፋት ታገኛለሽ። እኛ ኤስኤስቢ (ንግግርን በጠባቡ የምናስተላልፍበት ዘዴ) ላይ ያለን 2.4፣ ቢበዛ 2.7 ኪሎኸርትዝ ነው። 100 ዋት አለኝ፤ ያ 100 ዋት ከ200 ኸርትዝ በታች ባለው ጉርምርምታ ላይ ከፈሰሰ ለቃሉ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሰው ምን እንዳልሽ የሚለየው በተነባቢው ነው፣ እሱ ደግሞ ከ1 እስከ 3 ኪሎኸርትዝ አካባቢ ይኖራል። አማርኛ ላይማ ሳድሱ ብዙ ነው። «ክብር» እና «ክምር»ን ልዩ፤ አናባቢው ምንም አይረዳም። ባሱን ቁረጪ፣ ላዩን አንሺ። ራሱ 7300 ላይ የማስተላለፊያው ስፋት «ዋይድ» ሲሆን ከ100 እስከ 2900፣ «ሚድ» ከ300 እስከ 2700፣ «ናሮው» ከ500 እስከ 2500 ኸርትዝ ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚመጣው። እኔ ሩቅ አገር ስጠራ ናሮው ላይ ነኝ።

የመዘምራን_ሳውንድ
ሩቅ አገር ስትጠራ ይሁን። ማታ ከጓደኛ ጋር ሁለት ሰዓት ስታወራ ግን ያ ድምፅ ጆሮ ይበሳል፤ ባለቤቴ «ይህን ትንኝ ዝጉት» ነው የምትለው ስልህ፣ ይቅርታ፣ ባለቤቴ «የሚለው» ለማለት ነው፤ ልጄ ነው ስልኬን የያዘው 😂

ጋሽ_ሽቦ
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ የተለያየ ቦታ ቆማችሁ ነው። ለጭንቅንቅ ሹል፣ ለጨዋታ ሚድ። ልጁ ግን ገና ጆንያ ውስጥ ስለሆነ ባስ አይጨመርለትም።

ጀማሪው_ከሜሪላንድ
ማይኩን አቀረብኩ፣ ጌይኑን ወደ 40 አወረድኩ፣ መርፌው አሁን ይወዛወዛል። ሞኒተሩን ከፍቼ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ራሴን ጥሩ ነኝ እላለሁ። ግን አላምነውም። ሰው የሚሰማውን እኔ እንዴት ልስማ?

የአምስት_ኪሎ_ተማሪ
አለማመንህ ልክ ነው። የራስህን ድምፅ እየተናገርክ ስትሰማ ግማሹ በራስ ቅልህ አጥንት በኩል ነው የሚመጣው፤ ባሱ ከራስህ ነው። በዚያ ላይ በብዙ ሬዲዮ ሞኒተሩ ድምፁን የሚወስደው ከመጨረሻው ማጉያ በፊት ስለሆነ አንቴናው ላይ የወጣውን አያሳይህም። ቀድተህ፣ ቆይተህ፣ ሻይ ጠጥተህ ነው መስማት።

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ የማስተላለፈው ከክለብ ጣቢያ፣ ከኢቲ3ኤኤ ነው። ጣቢያው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ነው። ተራ በተራ ስለምንቀመጥ አንዱ በሚያስገመግም ድምፁ ያስተካከለውን ጌይን ቀጥሎ ዝግ ያለች ልጅ ትወርሰዋለች፣ ከዚያ አውሮፓ በሙሉ «ድገሚ» ይላል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ከመጀመሪያው ጥሪ በፊት መርፌውን ማየት እንደ ጫማ ማውለቅ ሆኗል።

አንተ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ሪሲቨር ተጠቀም። በኔዘርላንድስ ኤንስኬዴ፣ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ያለው ዌብኤስዲአር ከ0 እስከ 29 ሜጋኸርትዝ ድረስ ይሰማል፣ ማንም በብራውዘር ይከፍተዋል። የመቅጃ ቁልፍ አለው፤ ቀድተህ ፋይሉን ታወርዳለህ። ቀረብ ያለ ከፈለግክ አሜሪካ ውስጥ ዩታ ያለው አለ፣ ኪዊኤስዲአር የሚባሉ ተመሳሳይ ሪሲቨሮችም በየአገሩ አሉ።

ስትሞክር ስፒከሩን ዝጋ፤ ድምፅህ ዘግይቶ ተመልሶ ማይክህ ውስጥ ይገባል፣ አንተም ቃልህ ይጠፋብሃል። የሪሲቨሩን ፊልተር ወደ 3 ኪሎኸርትዝ ከፈት አድርገው፣ አለበለዚያ የሱን ጥበት የራስህ ጉድለት ታደርገዋለህ። ፏፏቴውንም (ምልክቱን በሥዕል የሚያሳየውን) ተመልከት። ስትናገር ምልክትህ እንደ ንጹሕ ሪባን ሆኖ ከታየ ደህና ነህ፤ በሁለት በኩል ጭረት የሚረጭ ከሆነ ጌይንህ አሁንም ብዙ ነው፣ ጎረቤት ድግግሞሽ ላይ ያለውን ሰው እየረበሽክ ነው።

ከሜሪላንድ ወደ አውሮፓ 20 ሜትር ከሰዓት በኋላህ ነው የሚመቸው። 18 ሰዓት ዩቲሲ (የዓለም መደበኛ ሰዓት) ላይ ሞክር፣ እኔም አዳምጣለሁ።

ባለ_18_ጎማ
18 ሰዓት ዩቲሲ በሀበሻ ስንት ነው? 😀

የአምስት_ኪሎ_ተማሪ
ከዩቲሲ ላይ 3 ትቀንሳለህ፣ ከ12 ካለፈ 12 ደግሞ። የማታ 3 ሰዓት። ክለባችን ውስጥ አዲስ ሰው የሚፈተነው በሱ ነው።

ከነታንያ_በሳተላይት
ስለ ራስን መስማት ከተነሣ እኔም ልግባ። ኪውኦ-100ን የሚያውቅ አለ? እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 በመጠቀችው የካታር ኢስሀይል-2 ሳተላይት ላይ ያለው የአማተሮች ትራንስፖንደር (ተቀብሎ መልሶ የሚልክ መሣሪያ) ነው። 25.9 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቆማለች፤ ዓረብሳት ባድር ያለበት የሰማይ ጥግ ማለት ነው። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ትልካለህ፣ በ10.489 ላይ ትቀበላለህ። ሁለቱ ስለማይጋጩ እየተናገርክ ያንኑ ሰዓት ከሰማይ የተመለሰውን ራስህን ትሰማለህ። ለማይክ ፍተሻ ከዚህ የተሻለ መስታወት አላየሁም፤ መፍዘዝና መድመቅ የለ፣ ጠዋትም ማታም አንድ ነው።

አንድ ችግር አለው። ድምፅህ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ይፈጃል። የመጀመሪያው ቀን ገና «ሻ» ስል «ሻ» ተመልሶ መጣ፣ ምላሴ ታሰረ፣ ሰዎቹ መንተባተብ ያለብኝ መስሏቸው በትዕግሥት ጠበቁኝ። አሁን ከጆሮ ማዳመጫው አንዱን ወገን ከጆሮዬ አውርጄ ነው የማወራው። ደግሞ ከቢከኑ (ከሳተላይቷ የሚመጣው ቋሚ ምልክት) በላይ ከጮኽክ «ሌይላ» የሚሏት መሣሪያ ድምፅህ ላይ ሳይረን ትለቅብሃለች። ጌይን የማስተማር ኃይሏ ከጋሽ ሽቦም ይበልጣል፣ ይቅርታ ጋሼ።

ሜሪላንድ ላይ አትታይም። አዲስ አበባ ግን ከአናት በላይ ናት፣ ከአድማስ 72 ዲግሪ ገደማ። አምስት ኪሎዎች፣ ዝናብ የማይቋጥር ዲሽ ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ጋሽ_ሽቦ
ይቅር ብዬሃለሁ።

ጀማሪው፣ ስትሞክር አጭር አድርገው። በአማርኛ ማውራት ትችላለህ፤ የጥሪ ምልክትህን ግን በእንግሊዝኛ ነው የምትጠራው፣ በየ10 ደቂቃውና ስትጨርስ። የአሜሪካ ሕግ ነው። መጀመሪያ ድግግሞሹ ላይ ሰው መኖሩን ጠይቅ። ዘፈን አታጫውት፤ ክልክል ነው።

ባለ_18_ጎማ
መኪናዬን አቆምኩ፣ አሁን በደንብ ልጻፍ። በመኪና ውስጥ የምንጠቀመው ጫጫታ የሚቀንስ ማይክ ነው። እሱ ከፊትም ከኋላም ቀዳዳ አለው። የሞተሩ ጩኸት በሁለቱም እኩል ስለሚገባ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ ከፊት የቀረበው ድምፅህ ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ ከንፈርህ ሊነካው ምንም እስከማይቀረው መቅረብ አለብህ። ሦስት ጣት ካራቅከው አንተንም እንደ ሞተር ቆጥሮ ያጠፋሃል። የኋላ ቀዳዳውን በጣት ከደፈንክ ደግሞ ሞተሩ ይገባል። እኔ ሁለት ዓመት በተለጠፈ ፕላስተር ደፍኜው ነድቻለሁ፣ «ገመዱ እንዳይበጠስ» ብዬ።

የእጅ ሬዲዮና ሪፒተር (ድምፅን ተቀብሎ አጉልቶ የሚያስተላልፍ ጣቢያ) ለምትጠቀሙ ደግሞ፦ ቁልፉን ተጭናችሁ አንድ ሰከንድ ቆዩ፣ ከዚያ ተናገሩ። ሪፒተሩ እስኪነሣ የመጀመሪያ ቃላችሁን ይበላዋል። ኤፍኤም ላይ መጮህ አያሰማም፤ ድምፁ ጣሪያ ላይ ይቆረጥና ይሻክራል። ኤኮሊንክ (ሬዲዮን በኢንተርኔት የሚያገናኘው) ያለው 9999 ላይ ገብቶ ቢናገር ራሱን መልሶ ያሰማዋል። ዲኤምአር (ዲጂታል ሬዲዮ) ያለው ብራንድማስተር በሚባለው መረብ ላይ 9990፣ በቀቀኑ የሚሉት።

ጀማሪው፣ ማይኩን ስትይዝ ፎቶ አንሥተህ ለጥፍ እስቲ። ሰው የሚለውና የሚያደርገው አይገጥምም።

ጀማሪው_ከሜሪላንድ
ትናንት ማታ ሠራሁት። ከትዌንቴ ቀዳሁ። አስተያየቴን ልጻፍ፦ ሽንኩርቱ ጠፍቷል፣ ጭራሽ አይሰማም። ጆንያው ግን አለ! «ስ» እና «ፍ» አይለዩም፣ ስሜ ውስጥ ያለው ጠ ደ ይመስላል። ሮቦቱም በየመሃሉ ብቅ ይላል። ፎቶው ይኸው።

[ፎቶ፦ ማይክ የያዘ እጅ]

ባለ_18_ጎማ
ወንድሜ፣ ማይኩ ላይ የሚያብረቀርቀው ምንድን ነው?

ጀማሪው_ከሜሪላንድ
የቱ? የፌስታሉ ነጸብራቅ ይሆናል።

ባለ_18_ጎማ
የምን ፌስታል?

ጀማሪው_ከሜሪላንድ
ከካርቶኑ ሲወጣ የመጣበት። እንዳይቆሽሽ በላስቲክ አስሬ አቆይቼዋለሁ። ሳሎን ያለው ሪሞትም እንዲሁ ነው...

ኧረ በስመአብ።

የመዘምራን_ሳውንድ
😂😂😂 ልጄ ከሶፋ ወደቀ።

ጋሽ_ሽቦ
ሃምሳ ዓመት ሬዲዮ ጠግኛለሁ፤ ፊውዝ ተነቅሎ አይቻለሁ፣ በረሮ ሪሌ ውስጥ ተጠብሳ አይቻለሁ። ከነልብሱ የሚናገር ማይክ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ ሲታሰብ ግን ትምህርት አለው። ፌስታል ወፍራሙን ድምፅ አያስቆምም፣ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ቀጭኑን ነው የሚያፍነው። አዳኙ ተነባቢ የሚኖርበት ያለውን ከ1 ኪሎኸርትዝ በላይ ያለውን ሠፈር ማለት ነው። ለዚህ ነው መርፌው ደህና እየመሰለ ቃልህ የጠፋው፤ መርፌ ጩኸት እንጂ ጥራት አይለካም። ኤችሲ-4 ገዝተህ እሱንም በፌስታል ብትጠቀልለው ኖሮ 200 ዶላርህ እዚያው ነበር።

አውልቀውና ጌይኑን እንደገና አስተካክል። ከዚያ ወደ ሮቦቱ እንሄዳለን።

ሮቦቱ እንደ ግምቴ የራስህ ሞገድ ተመልሶ በማይኩ ገመድ እየገባብህ ነው። ሽቦህ አቲክ ውስጥ፣ ከራስህ በላይ ነው ያለው፤ ከአንድ ጫፍ የሚመገብ አንቴና ደግሞ የኮአክሱን (ከሬዲዮው ወደ አንቴናው የሚሄደውን ገመድ) የውጭ ልብስ እንደ ሌላኛው ክንፉ ይጠቀምበታል፣ ሞገዱ በዚያ ተንሸራቶ ጠረጴዛህ ድረስ ይወርዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንደኛ፣ ኃይሉን ወደ 15 ዋት አውርደህ ቅዳ። ሁለተኛ፣ አንቴናውን ነቅለህ ደሚ ሎድ (በአንቴና ፈንታ ኃይሉን የሚውጥ መሣሪያ) ላይ በ100 ዋት ተናገርና በሌላ ሪሲቨር ስማ። የሪሲቨሩን አንቴና ንቀል፣ ሪሲቨሩንም ራቅ አድርገው፤ አጠገብህ ካስቀመጥከው በጉልበትህ ይደነቁራል፣ የሱን መሻከር የራስህ ታደርገዋለህ። በ15 ዋትና በደሚ ሎድ ንጹሕ፣ በ100 ዋትና በአንቴና ሮቦት ከሆንክ ማይኩ ንጹሕ ነው፣ ወንጀለኛው ሞገዱ ነው።

አቲኩ ከመኝታ ቤት በላይ ከሆነም የጨረር መጋለጥ ስሌቱን ሥራ። እሱም ግዴታ ነው።

ጀማሪው_ከሜሪላንድ
ሠራሁት፣ ጋሼ እንዳሉት ነው። ደሚ ሎድ ላይ በ100 ዋት እንደ ዜና አንባቢ ጥርት አልኩ። በአንቴናው በ15 ዋትም ጥርት። 60 ዋት ላይ «ጠ» ስል ሻከር ይላል፣ 100 ላይ ሮቦቱ መጣ። 40 ሜትር ላይ በ100ም የለም። አሁን ምን ላድርግ?

ዲኤክስ_አዳኝ
ፌራይት፤ በገመዱ ልብስ ላይ የሚንሸራተተውን ሞገድ የሚያፍነው። ትልቁን ቀለበት፣ ኤፍቲ240፣ 31 ቁጥር ሚክስ ግዛ፤ 31 ለእነዚህ ባንዶች ነው የሚሆነው። ቀጭን ኮአክስ አሥር አሥራ ሁለት ዙር ጠምጥምበትና ከሬዲዮው በፊት አስገባው። ሁለተኛውን ከተቻለ ወደ አንቴናው ትራንስፎርመር ቀረብ አድርገህ፣ ጥቂት ሜትር ኮአክስ አስተርፈህ። የማይኩን ገመድም በክሊፕ ፌራይት ውስጥ ሦስት ጊዜ አዙረው። አንድ ጊዜ ብቻ ካሳለፍከው ጌጥ ነው። ከሁሉ የሚብሰው 20 ሜትር ላይ መሆኑ በገመዱ ርዝመት ይመስለኛል፤ በዚያ ባንድ ላይ የኮአክስህ ልብስ ራሱ እንደ አንቴና ርዝመቱ ገጥሞለታል።

እና አዎ፣ ማይክ ግዛ ያልኩትን አነሣለሁ። ለጊዜው።

የአምስት_ኪሎ_ተማሪ
ለመቅጃ አንድ ነገር ረሳሁ። 7300 ውስጥ ኤስዲ ካርድ ካስገባህ የራሱ መቅጃ የምትልከውንም ይቀዳል። እሱንና የትዌንቴውን ጎን ለጎን ስማቸው። ሬዲዮው ውስጥ ጥሩ ሆኖ ትዌንቴ ላይ ከተበላሸ ችግሩ ከማይክ በኋላ ነው፤ ሁለቱም ላይ ከተበላሸ ግን እስከ ማይኩ ባለው ነው፦ አንተ፣ ማይኩ ወይም ገመዱ።

ጀማሪው_ከሜሪላንድ
ሳምንት ቆየሁ፣ ፌራይቱን እየጠበቅኩ። ውጤቱ ይኸው።

አራት ቅጂ አስቀምጫለሁ፤ ሁሉም «ጴጥሮስ ጠጠር ቀጠቀጠ፣ ፀሐይ ጨለመች» ነው፣ በትዌንቴ፣ 20 ሜትር፣ 100 ዋት። የመጀመሪያው እንደ ድሮዬ፦ በስንዝር፣ ጌይን 80፣ ከነኮምፕሬሰሩ፣ ከነፌስታሉ። ምን እንዳልኩ ራሴ አላወቅኩም። ሁለተኛው ሦስት ጣት፣ ጌይን 40፣ ከነፌስታሉ። ጸጥ ያለ ጆንያ። ሦስተኛው ያለ ፌስታል፣ ጌይኑ 32 በቃው። ሰው ሆንኩ፣ በየመሃሉ ሮቦት። አራተኛው በቀለበቱ፣ ስፋቱ ሚድ፣ ኮምፕሬሰሩ መርፌው 10 ጋ እስኪደርስ ብቻ። ለባለቤቴ አሰማኋት፤ «ይኼ አንተ ነህ? ስልክ ላይ እንኳ እንዲህ አትሰማም» አለች።

ቅዳሜ የቴክሳሱን ሽማግሌ እዚያው ድግግሞሽ ላይ አገኘኋቸው። ስሜን አንድ ጊዜ ነው የተናገርኩት፣ ጽፈውታል። «57 ነህ» አሉኝ። ከ59 በላይ ደስ ያለኝ 57።

የአምስት_ኪሎ_ተማሪ
እኔም ትዌንቴ ላይ ሆኜ ሰማሁህ። ጠው ጠ ነው።

የመዘምራን_ሳውንድ
ባስ ግን ትንሽ... እሺ ተውኩት።

ባለ_18_ጎማ
ፌስታሉን ጣልከው?

ጀማሪው_ከሜሪላንድ
የሪሞቱ አርጅቶ ነበር። እሱ ላይ ቀየርኩት።